አንድ ጧትና አርባ አምስት ዓመት

ባለፈው ሰሞን ለተማሪዎቼ «የማደንቀው ጀግና» በሚል ርእስ አንድ ድርሰት ጽፈው እንዲያመጡ አዝዣቸው ነበር። ደብተሮቻቸውን ሰብስቤ ማታ ሳርም አንድ ነገር ታዘብሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል የመረጡት የጦር ጀግና ነው፤ ይህ አያስነቅፍም። ዳሩ ግን የሁሉም ድርሰት የሚያበቃው በአንድ ቦታ ላይ ነው። ጀግናው ጠላቱን ያሸንፋል፣ ኒሻን ይሸለማል፣ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል፤ ከዚያ አራት ነጥብ። አንዲት ተማሪ ብቻ በመጨረሻው መስመር ላይ «ከጦርነቱ በኋላ ግን ምን ሆኖ እንደ ኖረ መጽሐፉ አይናገርም» ብላ ጽፋለች። ከሁሉም ድርሰቶች ይልቅ ሌሊቱን ሲያሳስበኝ ያደረው ይህ አንድ መስመር ነው።

እውነቷን ነው። ጀግና በአንድ ቀን ተወልዶ በዚያው ቀን የሚሞት ፍጥረት አይደለም። ከጦር ሜዳ ሲመለስ የምትጠብቀው እናት አለች፤ ሚስት አለች፤ የሚያድጉ ልጆች፣ የሚታረስ መሬት፣ የሚከፈል ዕዳ አለ። ስለዚህ በዛሬው ገጽ፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ የአንድ ገበሬ ወታደር ሕይወት ከነመጨረሻው ላወጋችሁ አስቤአለሁ። ሰውዬው አሜሪካዊው ሃምሳ አለቃ አልቪን ዮርክ ነው። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባችኋለሁ።

አልቪን ዮርክ ዲሴምበር 13 ቀን 1887 ዓ.ም. ቴነሲ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ በፌንትረስ አውራጃ፣ ፖል ሞል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አገሩ ተራራማ ነው፤ መንደሯ የተቀመጠችው ዉልፍ የሚባለው ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ደኅና መንገድ እንኳ አልነበራትም። አባቱ ገበሬና ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ከሥራ ሲያርፍ ደግሞ ጠመንጃውን አንግቶ አደን ይወጣል። ቤታቸው ከግንድ የተሠራ ባለ 2 ክፍል ጎጆ ነው። አልቪን ከ11 ልጆች ሦስተኛው ነበረ።

በእንዲህ ያለው ቤት ልጅ የሚፈለገው ለትምህርት ሳይሆን ለሥራ ነው። አልቪን በዕድሜው ሙሉ ትምህርት ቤት የዋለበት ጊዜ ተጠቃሎ ቢቈጠር 9 ወር ያህል ብቻ ነበር። ይህን ቍጥር እባካችሁ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። በፊደል ፋንታ የተማረው እርሻና ተኩስ ነው። ጥይት ገንዘብ ነውና እንዳያባክን አባቱ አጥብቆ አስተምሮታል። በአገሩ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ከግንድ ኋላ አስረው፣ ብቅ ጥልቅ የምትለዋን ራሱን ብቻ መትቶ የመጣል ውድድር ነበራቸው፤ በዚህ ውድድር ከአልቪን ጋር መሰለፍ የሚወድ ሰው ጥቂት ነው።

በ1911 አባቱ ሞተ። ሁለቱ ታላላቆቹ የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተው ስለ ነበር የእናቱና የታናናሾቹ ሸክም በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቀን እየቈፈረ፣ ግንድ እየቈረጠ፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ እየተቀጠረ ቤቱን ይደጕማል። የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ ግን ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣል፤ ይቆምራል፤ ሲሰክርም ይደባደባል። እናቱ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ግሬሲ ዊልያምስ የምትባል የጎረቤት ልጅ ወዶ ነበር፤ ወላጆቿ ግን ለሰካራም ልጃችንን አንሰጥም አሉ። ከጠጪ ጓደኞቹ አንዱ በመጠጥ ቤት ጠብ ከተገደለ በኋላ የአልቪን ልብ ተሰበረ። በ1915 መባቻ መጠጡንም ቁማሩንም እርግፍ አድርጎ ተወና በመንደሩ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከምእመናኑ ሽማግሌዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ሰው መግደልን፣ በጦርነት እንኳ ቢሆን፣ አጥብቃ የምትከለክል ነበረች።

እንግዲህ የዚህ ሰው ፈተና ምን እንደ ሆነ ይገባችኋል። አሜሪካ በ1917 ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገባች፤ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ እንዲመዘገብ ታወጀ። ከምዝገባው ቅጽ ላይ ከውትድርና ነፃ ለመሆን የሚጠይቅ እንደ ሆነ ምክንያቱን የሚጽፍበት ቦታ ነበረ። ዮርክ በዚያ ቦታ ላይ በራሱ እጅ «መዋጋት አልፈልግም» ብሎ ጻፈ። አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፤ ቢደጋግምም አልሆነለትም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ተጠርቶ ጆርጅያ ውስጥ ወደሚገኝ የማሠልጠኛ ሰፈር ተላከ፤ የ82ኛው ክፍለ ጦር ወታደርም ሆነ።

በሰፈሩ ከሁሉ የበለጠ ተኳሽ ሆኖ ተገኘ፤ ዳሩ ግን ሰው ላይ መተኰስ እንደማይሆንለት ለአለቆቹ ነገራቸው። እዚህ ላይ የአለቆቹን አያያዝ ሳላደንቅ አላልፍም። ሻምበሉ ዳንፎርዝና ሻለቃው በክስተን አልሰደቡትም፤ አላሰሩትምም። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ሌሊት አብረውት ተቀመጡ። እርሱ መግደልን የሚከለክለውን ትእዛዝ ሲጠቅስባቸው፣ እነርሱ ደግሞ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ያለውን የከተማ ጠባቂ ታሪክ፣ አደጋ ሲመጣ እያየ መለከት ሳይነፋ የቀረው ሰው ያለበትን ተጠያቂነት፣ አነበቡለት። ከዚያም ወደ አገሩ ሄዶ እንዲያስብበት የ10 ቀን ፈቃድ ሰጡት። ዮርክ ወደ ተራራው ወጥቶ ሲጸልይ ውሎ አደረ፤ ሲወርድም ሐሳቡን ቈርጦ ነበር። ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወዳጆቼ ነገ ከነገ ወዲያ የሰው አለቃ መሆናችሁ አይቀርም። የበታቻችሁ ሕሊናው አላስችል ብሎት ሲመጣ ሁለት ሌሊት አብራችሁት ልትቀመጡ ትችሉ እንደ ሆነ ከአሁኑ ራሳችሁን ጠይቁ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ኦክቶበር 8 ቀን 1918 ጧት፣ ፈረንሳይ ውስጥ በአርጎን ጫካ፣ ሻቴል ሼሄሪ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ የዮርክ ጓዶች ወደ አንድ የባቡር ሐዲድ ለመድረስ ሲገፉ ከኮረብታው ላይ በተጠመዱ የጀርመን መትረየሶች ተያዙ። 17 ሰዎች በጎን ዞረው መትረየሶቹን ከኋላ እንዲይዙ ታዘዙ፤ ዮርክም በአሥር አለቃነት ማዕርግ ከነርሱ አንዱ ነበር። ዞረው በድንገት አንድ የጀርመን ጦር ማዘዣ ሥፍራ ላይ ደረሱና ያገኟቸውን ማረኩ። ወዲያው ግን ከላይ ያሉት መትረየሶች አፋቸውን አዙረው አርከፈከፉባቸው። ከ17ቱ 6 ሞቱ፤ 3 ቈሰሉ፤ አለቃቸውም ከቈሰሉት አንዱ ነበር። የቀሩት 8 ናቸው። ሌሎቹ ምርኮኞቹን ሲጠብቁ ዮርክ ከመትረየሶቹ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ።

የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ የሚያስፈራውም ቀላልነቱ ነው። ጀርመናዊው ተኳሽ ለማነጣጠር ራሱን ብቅ ማድረግ አለበት፤ ብቅ ያለውን ራስ መምታት ደግሞ ዮርክ ከልጅነቱ ጀምሮ በተርኪ ውድድር የተማረው ነው። 6 ወታደሮች ጠመንጃቸው ላይ ሳንጃ ሰክተው በሩጫ ሲመጡበት በሽጉጥ ከኋለኛው ጀምሮ ወደ ፊተኛው እየመታ ጣላቸው። የዱር ተርኪ አዳኞች መንጋው እንዳይደነግጥ የሚያደርጉት እንዲሁ ነው፤ የፊተኛው የኋላውን መውደቅ አያይምና። በመጨረሻ የጀርመኖቹ አዛዥ እጁን ሰጠ። ዮርክ ምርኮኞቹን አሰልፎ ሲመለስ በመንገዱ ያገኘውንም ጨምሮ 4 መኮንኖችና 128 ወታደሮች፣ ባጠቃላይ 132 ሰዎች ይዞ ከጦሩ ደረሰ። ሃያ አምስት ያህል ጀርመኖች በእጁ እንደ ሞቱ ይነገራል።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ቀጥለው ኒሻኑን ያወራሉ። እኔ ግን በማግስቱ ያደረገውን አስቀድማለሁ። ዮርክ አለቆቹን አስፈቅዶ ወደ ውጊያው ቦታ ተመለሰ፤ ምናልባት ሳይነሣ የቀረ ቍስለኛ ቢገኝ ብሎ ነው። የሚረዳው ሰው አላገኘም። በዚያ ቆሞ ለሞቱት ጓደኞቹ ጸለየ፤ ለሞቱት ጀርመኖችም ጸለየ። «መዋጋት አልፈልግም» ብሎ የጻፈው ሰው ተዋግቶ ካሸነፈ በኋላም ያው ሰው ነበረ ማለት ነው።

ይህንንም መናገር ፍትሕ ነው። ከተረፉት ጓደኞቹ አንዳንዶቹ ኋላ «እኛም እኮ እዚያ ነበርን» ብለው ቅር ተሰኝተዋል፤ ዝና በባሕርይዋ ከብዙ ሰው መካከል አንዱን ብቻ መርጣ መጋለብ ትወዳለችና። ዮርክ ግን ስለ ዚያ ጧት በተጠየቀ ጊዜ ከሞት ያተረፈው የራሱ ችሎታ ሳይሆን እግዚአብሔር መሆኑን ከመናገር በቀር መፎከር አልወደደም።

ሃምሳ አለቃነት ተሾመ። የአሜሪካ የመጨረሻ ታላቅ የጀግንነት ሜዳይ በ1919 ተሸለመ፤ የፈረንሳዩ ማርሻል ፎሽም የፈረንሳይን የጦር መስቀል ሰጠው። አንድ የታወቀ ጋዜጣ ታሪኩን ባወጣ ጊዜ አገሩ ሁሉ ስሙን ያዘ። በ1919 በግንቦት ወር ኒው ዮርክ ሲደርስ የተደረገለት አቀባበል ለአንድ የገጠር ሃምሳ አለቃ ይቅርና ለጄኔራልም ይበዛል። በዚያው ሰሞን ነጋዴዎች ከበቡት። አንዱ «ታሪክህን ፊልም ላድርገው»፣ ሌላው «በቴያትር መድረክ ላይ ብቅ በልልኝ»፣ ሦስተኛው «ስምህን ለዕቃዬ ማስታወቂያ አበድረኝ» አለው። ዮርክ ከእናቱ ቤት ሲወጣ በኪሱ የረባ ነገር ያልነበረው ሰው ነው። ሆኖም የደንብ ልብሱን ለገበያ እንደማያወጣ ነገራቸውና ባቡር ተሳፍሮ ወደ አገሩ ገባ።

አገሩ ገብቶ ምን አደረገ? ከተመለሰ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ጁን 7 ቀን 1919፣ ያችኑ የጎረቤቱን ልጅ ግሬሲን አገባ። ወላጆቿ እንቢ ያሉት ሰካራሙን እንጂ ይኸኛውን አልነበረም። ጋብቻውን ያስፈጸመው የክፍለ ግዛቱ ገዥ ራሱ ነው፤ እንግዳውም ከየተራራው የወረደ ሕዝብ ነው። ግሬሲና አልቪን በመጀመሪያ ዘመናቸው የሕፃናት ሞት ደርሶባቸዋል፤ ሌሎች ልጆች ግን አሳደጉ። ልጆቹን በአሜሪካ ታሪክ በታወቁ ሰዎች ስም እየጠራ አወጣላቸው፤ አንዱን ግን በዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ አብሮት ባመሸው በሻለቃ በክስተን ስም ጠራው። ደግ አለቃ የሚያተርፈው እንዲህ ያለውን ሐውልት ነው።

ናሽቪል ከተማ ያለ አንድ ማኅበር ለጀግናው እርሻ ገዝተን እንስጥ ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። የታሰበው መሬት 400 ኤከር ገደማ፣ በእኛ የድሮ ልክ ወደ 4 ጋሻ የሚጠጋ ነው። ዳሩ ግን የተሰበሰበው ገንዘብ ሳይሞላ ቀረ፤ ጭብጨባ ቶሎ ይሞላል፤ ሙዳየ ምጽዋት ግን አይሞላም። ዮርክም ገና ባልተከፈለለት መሬት ላይ ከብቱንና መሣሪያውን በብድር ገዝቶ ማረስ ጀመረ። ወዲያው ጦርነቱን ተከትሎ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ጀግናው ባለ ዕዳ ሆነ። ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ ሌሎች ለጋሶች ከደረሱለት በኋላ ነው መሬቱ የተረፈው።

ከዚህ ጀምሮ ያለውን፣ በተለይ እናንተ ተማሪዎች፣ ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ዮርክ ባሕር ተሻግሮ ሰፊውን ዓለም ካየ በኋላ አንድ ነገር ገባው፤ እስከዚያ ድረስ ተራራው ዓለምን ጋርዶበት መኖሩ። የጋረደበት ግን ድንጋዩና ዛፉ አልነበረም፤ ያ ዘጠኝ ወር ነው። ስለዚህ መንገድና ትምህርት ቤት ለአገሩ ለማስገኘት ተነሣ። ለራሱ አልሸጥም ያለውን ስም ለዚህ ጉዳይ ሲሆን ግን አላፈረበትም፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ንግግር አደረገ፤ ሰው ስለ አርጎን ጫካ እንዲያወራለት ሲጠብቅ፣ እርሱ በተራራው ስላሉት ፊደል ስላጡ ልጆች ያወራል።

በ1926 በአውራጃው ዋና ከተማ በጄምስታውን በስሙ የሚጠራውን የእርሻ ትምህርት ቤት መሠረተ። ነገሩ ቀላል አልሆነለትም። ትምህርት ቤቱ የት ይቁም፣ ማን ይምራው በሚለው ጉዳይ ከአውራጃው ሹሞችና ከትምህርት ቦርዱ ጋር ዓመታት የወሰደ ክርክር ገጠመ። ለ132 ሰዎች አልበገር ያለው ሰው ከኮሚቴ ጋር ሲታገል ላቡ ጠብ አለ። ሕንጻው ቆሞ ሥራ ሲጀመር ደግሞ በ1929 የገንዘብ ችግር ዓለምን አናወጠ፤ መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ገንዘብ ጎደለ። ያን ጊዜ ዮርክ ያችን በስንት መከራ የተረፈች እርሻውን በመያዣነት አስይዞ ተበደረ። ገንዘቡ የዋለው ለአስተማሪዎች ደመወዝና ልጆቹን ከየመንደሩ ለሚያመጣው አውቶቡስ ነው።

እኔ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ይሆናል፣ ከአርጎኑ ጧት ይልቅ ይህ ያስደንቀኛል። በጦር ሜዳ ላይ ሰው ነፍሱን የሚያስይዘው ለደቂቃዎች ነው፤ ጥይቱ ሲያፏጭ ለማሰብም ጊዜ የለውም። ሚስትና ልጆች የሚበሉበትን መሬት ለጎረቤት ልጅ ትምህርት ማስያዝ ግን ማታ አስቦበት፣ አድሮበት፣ ከሚስቱ ጋር ተማክሮበት፣ ጧት በቀዝቃዛ ልብ ሄዶ የሚፈርሙት ነገር ነው። ግሬሲንም አንርሳ። እርሱ ስለ ትምህርት ቤቱ በየከተማው ሲዞር ቤቱንና ልጆቹን ይዛ የቆየችው እርሷ ናት፤ ለእርሷ የተሰጠ ኒሻን ግን የለም።

ደግሞም ምስጋናው የጠበቀውን ያህል አልሆነም። አስተዳደር ሌላ ችሎታ ነው፤ ክርክሩ ስላላቋረጠ ዮርክ በ1936 የትምህርት ቤቱን መሪነት ለቀቀ፤ በ1937 ትምህርት ቤቱን የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ተረከበው። ሌላ ሰው ቢሆን አኵርፎ ቤቱ በተቀመጠ። ዮርክ ግን በአንድ የመንግሥት መናፈሻ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ እርሻውንም ማረሱን አልተወም።

ከሃያ ዓመት በላይ እንቢ ያለውን የፊልም ነገር የተቀበለውም ከዚህ በኋላ ነው። የተቀበለበትም ምክንያት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ፈልጎ ነው። ጋሪ ኩፐር እርሱን ሆኖ የሠራበት «ሳርጀንት ዮርክ» የተባለው ፊልም በ1941 ወጣ፤ ኩፐርም በዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ገባች። ዮርክ 54 ዓመቱ ነበር፤ እንደገና ለመዝመት ጠየቀ፤ ጤናው ግን አልፈቀደለትም። በዚህ ፋንታ በአውራጃው ለውትድርና የሚመለመሉትን ጐረምሶች ከሚመዘግበው ቦርድ ውስጥ ሠራ። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ ዘመን «መዋጋት አልፈልግም» ብሎ በወረቀት የጻፈው ሰው፣ አሁን ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ልጅ ወረቀት ይቀበላል። ያ ወንበር ለእርሱ ከማንም ይልቅ ሳይከብደው አልቀረም።

የፊልሙ ገንዘብ ግን የኋላ ኋላ መከራ አመጣበት። ዮርክ እጁ የላላ ሰው ነበር፤ የተቸገረ ሁሉ ከደጁ ባዶውን አይመለስም፤ ቸርነቱን ግን በደረሰኝ አልያዘውም። ከፊልሙ ላገኘው ገንዘብ ግብሩ እንዴት ሊታሰብ ይገባል በሚለው ነገር ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ዕዳው ከነወለዱ ከ170 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ። እናንተ መዝገብ የምትይዙ ወጣት ሠራተኞች ይህን እንደ ተግሣጽ ውሰዱት፤ ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ ሊያያዝለት ይገባል። በዚህ መካከል በ1954 ዮርክ በጭንቅላቱ የደም ሥር ሕመም ተመትቶ አልጋ ላይ ዋለ። የሸለቆው ፈጣን ተኳሽ ከአልጋ መውረድ የማይችል፣ የማይከፈል ዕዳም ያለበት ሽማግሌ ሆነ። በ1961 ጉዳዩ በ25 ሺህ ዶላር እንዲያልቅ ስምምነት ተደረገ፤ ገንዘቡም የተከፈለው ሁለት የታወቁ የምክር ቤት ሰዎች አስተባብረውት ከሕዝብ በተዋጣ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ላጨበጨበችለት አገር ዘግይቶ የመጣ ሒሳብ መክፈያ ነበር።

ሃምሳ አለቃ አልቪን ዮርክ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1964 ዓ.ም. ናሽቪል ውስጥ በሚገኘው የቀድሞ ጦር ሠራዊት አባላት ሆስፒታል በ76 ዓመቱ ዐረፈ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በቀብሩ ላይ አንድ ስመ ጥር ጄኔራል ወክለው ላኩ። የተቀበረው ግን በታላላቅ ሰዎች መካነ መቃብር አይደለም፤ በዚያው በፖል ሞል፣ በዉልፍ ወንዝ ዳር ባለው የመንደሩ መቃብር፣ ከዘመዶቹ ጋር ነው። ግሬሲም ሃያ ዓመት ቆይታ በ1984 ስትሞት ከአጠገቡ ተቀበረች።

ዛሬ ወደዚያ ሸለቆ የሚሄድ ሰው ቤቱንና በወንዙ ዳር ያለውን ወፍጮውን ክፍለ ግዛቱ በታሪካዊ ሥፍራነት እየጠበቀው ያገኘዋል። በጄምስታውን ያለው ትምህርት ቤትም አልተዘጋም፤ ስሙን እንደ ያዘ የተራራውን ልጆች ማስተማሩን ቀጥሏል። መትረየሶቹ ዝገው አፈር ሆነዋል፤ የ132ቱ ምርኮኞች ነገር የታሪክ አዋቂዎች «ቦታው እዚህ ነው፣ እዚያ ነው» ብለው የሚከራከሩበት ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ግን አያከራክርም፤ በየጧቱ ደወል ይደወላል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ዮርክ ስሙን ያስጠራው ውጊያ አንድ ጧት ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አርባ አምስት ዓመት ኖሯል። ያቺን ጧት እንዲሆንለት አልፈለጋትም፤ በወረቀት ላይ እንቢ ብሏት ነበር። አርባ አምስቱን ዓመት ግን መርጦ ኖረው፤ በባልነት፣ በአባትነት፣ በገበሬነት፣ ዘጠኝ ወር ብቻ ተምሮ የሌላውን ልጅ ዕድሜ ልክ ለማስተማር በመድከም። በእርሻው ከሰረ፤ ከቦርዱ ጋር ተጣላ፤ በግብር ተከሰሰ፤ ታመመ። ይህ ሁሉ የጀግና ታሪክ አይመስልም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ አባቶች ታሪክ ነው የሚመስለው። እርሱ ግን ከጦር ዝናው ይልቅ ለሰው በሠራው እንዲታሰብ እንደሚወድ ይናገር ነበር።

የኛስ መጻሕፍት፣ የኛስ ድርሰቶች የሚያበቁት የት ላይ ነው? በየቀበሌያችሁ፣ በየገጠሩ ዘመዶቻችሁ ዘንድ፣ ሜዳዩን በሳጥን ውስጥ ቈልፎ ማረሻውን ይዞ የዋለ አንድ ሽማግሌ ሳይኖር አይቀርም። በበዓል ቀን ስትጠይቁት ስለ ውጊያው ብቻ አትጠይቁት፤ ስለ ውጊያው ለሰው ሁሉ ነግሮ ሰልችቶት ይሆናል። «አባባ፣ ከዚያ ከተመለሱ በኋላስ እንዴት ኖሩ? ልጆቹን እንዴት አሳደጓቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይሆናል።

ያቺን ተማሪ በድርሰቷ ከፍ ያለውን ማርክ ሰጠኋት። በመስመሯ ግርጌም በቀይ ቀለም «ቀጥዪበት» ብዬ ጻፍሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።